ኸይረዲን ባርባሮሳ፦ የሜዲትራኒያን ባሕር አዛዥ

በኢስላም ታሪክ ስማቸው ከባሕር ጋር ከሚነሳ የጦር መሪዎች አንዱ ኸይረዲን ባርባሮሳ ነው። ባርባሮሳ አውሮፓውያን ያወጡለት ስም ሲሆን ትርጉሙ ባለ ቀይ ጢም ማለት ነው። ኸይረዲን የሚለውም ኋላ የተሰጠው የክብር ስም ነው፤ የልደት ስሙ ኺድር ነበር። የተወለደው በኤጂያን ባሕር ላይ በምትገኘው የሌስቦስ ደሴት ሲሆን አባቱ ያዕቆብ የኦቶማን ወታደር ነበር።

ኺድር ከታላቅ ወንድሙ ዑሩጅ ጋር መርከበኛ ሆነ። ዘመኑ አንደሉስ ወድቃ ሙስሊሞቿ ሃይማኖታቸውን እንዲቀይሩ የሚገደዱበት ነበር። ወንድማማቾቹ ብዙ ስደተኞችን በመርከቦቻቸው ወደ ሰሜን አፍሪካ አሻገሩ። እ.ኤ.አ በ1516 አልጀርስን ያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዑሩጅ ከስፔን ጦር ጋር ሲዋጋ ተገደለ።

ኺድር በጠላት ተከቦ ብቻውን ቀረ። በእጁ ባለችው ከተማ ራሱን ከማንገሥ ይልቅ ለኦቶማኑ ሱልጣን ሰሊም ታዛዥ መሆንን መረጠ። ሱልጣኑም ሹመት ሰጥቶት 2,000 የኒቼሪ ወታደሮች ላከለት። አልጀርስም ከመውደቅ ዳነች። በ1529 ወደቡን አንቆ ይዞ የነበረውን የስፔን ምሽግ አስለቀቀ።

በ1533 ሱልጣን ሱለይማን ወደ ኢስታንቡል ጠርቶ የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ አደረገው። በ1534 ቱኒስን ያዘ፤ በዓመቱ ግን ቻርልስ 5ኛ ራሱ ዘምቶ ነጠቀው። ኸይረዲን ብዙ መርከቦች ቢያጣም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት የስፔኗን ማኦን ወደብ ወርሮ ብዙ ነዋሪዎችን ማረከ። ምርኮኛን ባሪያ ማድረግ በወቅቱ የሁለቱም ወገን ልማድ ነበር፤ የእርሱም ታሪክ ከዚህ የጸዳ አይደለም።

ትልቁ ድሉ የተገኘው መስከረም 28 ቀን 1538 እ.ኤ.አ በግሪክ ጠረፍ ፕሬቬዛ ላይ ነው። የስፔን፣ የቬኒስና የሮማው ጳጳስ መርከቦች በአንድሪያ ዶሪያ መሪነት ተባብረው መጡ። በቁጥር ከእርሱ ይበልጡ ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ጸጥ ሲል ትላልቆቹ ባለ ሸራ መርከቦች ባሉበት ቆሙ። በመቅዘፊያ የሚሄዱት የኸይረዲን መርከቦች እየተጠጉ አጠቋቸው። ዶሪያ አፈገፈገ። ቬኒስም በ1540 ሰላም ለመለመን ተገደደች።

ኸይረዲን በ1546 ኢስታንቡል ውስጥ ወደ አኼራ ሄደ። መቃብሩ በሺክታሽ በተባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር ይገኛል። ከወንድሙ ሞት በኋላ ለራሱ ንግሥና ቢሮጥ ኖሮ ምናልባት አልጀርስንም ባጣት ነበር። ከሥልጣን ይልቅ አንድነትን በመምረጡ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። አላህ ይዘንለት።