ኢብኑ ተይሚያ፦ በየበዓሉ ስማቸው የሚነሳው የደማስቆው ዓሊም

ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ በየመስጂዱ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ጎረቤት ለበዓል ጠርቶናል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር? እንኳን አደረሳችሁ ማለትስ እንዴት ነው? የሥራ ባልደረባዬ ዳቦ ቢልክልኝ ልቀበል? መልስ የሚሰጡ ኡስታዞች ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ያነሳሉ፤ ሸይኹል ኢስላም ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ)። ስማቸው ይጠራል፣ ሕይወታቸው ግን እምብዛም አይነገርም። ሰውየው በየትኛው ከተማ፣ ከእነማን ጋር እየኖሩ እንደጻፉ ያላወቀ ደግሞ ከንግግራቸው ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሙሉ ስማቸው አሕመድ ኢብኑ ዐብዱልሐሊም ነው። በ661 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያኑ 1263፣ ዛሬ በደቡብ ቱርክ በምትገኘው ሐራን ከተማ ተወለዱ። ቤታቸው የዒልም ቤት ነበር፤ አያታቸው መጅዱዲን ከታላላቆቹ የሐንበሊ መዝሀብ ፉቀሃዎች አንዱ ሲሆኑ አባታቸውም አስተማሪ ነበሩ። ዘመኑ ግን ክፉ ዘመን ነበር። እርሳቸው ከመወለዳቸው ከ5 ዓመት በፊት ሞንጎሎች ባግዳድን አውድመው ኸሊፋውን ገድለዋል። ልጁ አሕመድ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ሐራንን ጥሎ ሸሸ። ከንብረታቸው ሁሉ አስበልጠው በጋሪ የጫኑት ኪታቦቻቸውን ነበር። በሌሊት ተጉዘው ደማስቆ ገቡ። እንግዲህ በኋላ ስለ ሙስሊሙ ማንነት መጠበቅ አጥብቀው የጻፉት ሰው፣ ማንነቱ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ ባየ ትውልድ ውስጥ ያደጉ ስደተኛ ናቸው።

አባታቸው ሲሞቱ በ683 ዓ.ሂ. በደማስቆው ዳረል ሐዲስ አስ-ሱከሪያ የአባታቸውን ወንበር ተረከቡ። ዕድሜያቸው 22 ገደማ ቢሆንም የመጀመሪያ ደርሳቸውን ለመስማት የከተማዋ ታላላቅ ቃዲዎች ተገኝተው ነበር።

ያኔ ደማስቆ የሙስሊም ብቻ ከተማ አልነበረችም። ክርስቲያኖችና አይሁዶች በየሠፈራቸው ይኖራሉ፤ ገበያው የጋራ ነው፤ ሐኪሙም ጸሐፊውም ነጋዴውም ከሁሉም ወገን ነው። ከፋሲካ በፊት ያለው ሐሙስ ሲደርስ ክርስቲያኖቹ ልዩ ምግብ ይሠራሉ፣ እንቁላል ቀለም ይቀባሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። ሸይኹን ያሳሰባቸው የክርስቲያኖቹ ማክበር አይደለም። ያሳሰባቸው ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችም ያንኑ ማድረጋቸው ነው። እናት ለልጆቿ እንቁላል ታቀልማለች፣ ለዕለቱ የሚሆን ምግብ ትሠራለች፣ ዕጣኑ በረካ ያመጣል ብላ ታጨሳለች። ባል ቤተሰቡ እንዳይከፋው ብሎ ይገዛል። የዘመናቸው ሰው የሆኑት ታላቁ የታሪክና የሐዲስ ዓሊም አዝ-ዘሀቢም ስለዚሁ ሐሙስ ራሱን የቻለ አጭር ኪታብ መጻፋቸው ጉዳዩ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር ያሳያል።

ኢብኑ ተይሚያ ለዚህ የሰጡት መልስ «ኢቅቲዳኡ ሲራጢል ሙስተቂም» የተሰኘው ሰፊ ኪታብ ነው። መነሻቸው ቀላል ነው። ዒድ ከልብስና ከምግብ ባህል የተለየ ነገር ነው ይላሉ፤ እንደ ቂብላ፣ እንደ ሶላትና እንደ ጾም የአንድ ሃይማኖት መገለጫ ነው። ለዚህም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ነዋሪዎቹ የሚጫወቱባቸውን ሁለት ቀናት በዒደል ፊጥርና በዒደል አድሓ መተካታቸውን የሚናገረውን ሐዲስ ያስቀምጣሉ። ቡዋና በተባለ ቦታ ግመል ሊያርድ የተሳለውን ሰው ነቢዩ ቦታው ጣዖት ይመለክበት ወይም በዓላቸው ይከበርበት እንደነበር የጠየቁበትን ሐዲስም ያብራራሉ። ከዚያ ወደ ልብ ይሻገራሉ። በውጭ መመሳሰል ቀስ በቀስ በውስጥ መመሳሰልን ይወልዳል፤ ሕፃን ልጅ የሌላውን በዓል በናፍቆት እየጠበቀ ካደገ ለራሱ ዒድ ያለው ስሜት ይቀዘቅዛል የሚል ነው ስጋታቸው። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ስለዚህ ለሙስሊሙ ያ ቀን እንደማንኛውም ቀን ይሁን አሉ። የተለየ ምግብ አይሠራበት፣ አዲስ ልብስ አይለበስበት፣ ለበዓሉ ድግስ ሲጠሩም አይኬድ፣ በዓሉን ለማክበር የሚያገለግል ነገርም አይሸጥ።

ከዚያው ኪታብ ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ክፍል አለ። ጎረቤት በበዓሉ ቀን ስጦታ ቢልክስ? እዚህ ላይ ሸይኹ መቀበል ይቻላል ይላሉ። ዐሊይ (ረ.ዐ) በፋርሶች የኑሩዝ በዓል ስጦታ እንደተቀበሉ፣ ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከመጁሶች የሚመጣውን ፍራፍሬ እንደፈቀዱና ለዕለቱ የታረደውን ሥጋ ግን እንደከለከሉ የሚናገሩ ዘገባዎችን አቅርበው፣ በዓል መሆኑ ስጦታን ከመቀበል አያግድም የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። የሥጋው ጉዳይ ራሱን የቻለ ውይይት አለው፤ በአገራችን ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ስለሚበላ ጥያቄው ብዙም አይነሳም። ዳቦውና ፍራፍሬው ግን የዘወትር ጥያቄያችን ነው። የደማስቆው ጥብቅ ዓሊም ያልዘጉትን በር እኛ ለምን እንደምንዘጋው አይገባኝም።

ሌላም አለ። ሙስሊሞች ጥቂት በሆኑበት አገር የሚኖር ሰው በውጫዊ አኗኗሩ ከሌሎች እንዲለይ መታዘዙ ጉዳት የሚያመጣበት ከሆነ እንደማይታዘዝ ጽፈዋል። ለዲኑ ጥቅም ካለው እንዲያውም በአንዳንድ ውጫዊ ልማድ መጋራቱ የሚወደድ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ይህ ስለ ውጫዊ አኗኗር እንጂ በሌላው አምልኮ ስለመሳተፍ አይደለም። ስለ መውሊድም ቢድዓ ነው የሚለውን አቋማቸውን ሳይለቁ፣ በቅን ኒያና በነቢዩ ፍቅር ተነሳስቶ የሚያደርገው ሰው ምንዳ ሊያገኝ እንደሚችል በዚሁ ኪታብ አስፍረዋል። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ግማሽ ብቻ መጥቀሳቸው የቆየ ችግር ነው።

በበዓል ጉዳይ ይህን ያህል የጠበቁት ሰው ከክርስቲያኖች ጋር ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ የታየው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1299 መጨረሻ የሞንጎሉ ንጉሥ ጋዛን ወደ ሶርያ ሲዘምት ብዙ የደማስቆ ባለሥልጣናት ሸሹ። ኢብኑ ተይሚያ ግን ከከተማዋ ሽማግሌዎች ጋር ሄደው ፊት ለፊት አነጋገሩት። በኋላም ስለ ምርኮኞቹ ሲደራደሩ ሞንጎሎቹ ሙስሊሞቹን ብቻ ሊለቁ ተስማሙ። እርሳቸው እምቢ አሉ። በሙስሊሞች ጥበቃ ሥር የሚኖሩት አይሁዶችና ክርስቲያኖችም ካልተፈቱ አንሄድም ብለው ጸኑ፤ አስፈቷቸውም። ይህን ራሳቸው የተረኩት በቆጵሮስ ላሉ ሙስሊም ምርኮኞች በጎ አያያዝ እንዲደረግ ለአንድ የደሴቲቱ ክርስቲያን መሪ በላኩት ደብዳቤ ላይ ነው። በበዓሉ አትሳተፉ ያሉት ሰው ለባለበዓሉ ነጻነት ሲሉ ከሞንጎል ጦር ጋር ተሟግተዋል።

በ702 ዓ.ሂ. ረመዷን በሸቅሐብ ጦርነት ወታደሮቹ ኃይል እንዲኖራቸው እንዲያፈጥሩ ፈትዋ ሰጥተው፣ እንዳያመነቱ እርሳቸውም በፊታቸው በሉ።

የቀረው ዕድሜያቸው በአብዛኛው በክስና በእስር አለፈ። በ1306 በዓቂዳ ጉዳይ ወደ ካይሮ ተወስደው ታሰሩ፤ ቆይቶም ወደ እስክንድርያ ተላኩ። ከግብፅ ለእናታቸው የጻፉት ደብዳቤ ዛሬም አለ፤ ከእርሷ መራቃቸው በፈቃዳቸው እንዳልሆነ እየገለጹ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ትዳር አልመሠረቱም ነበርና ቤታቸው እርሷና ወንድሞቻቸው ነበሩ። ሱልጧን አን-ናሲር ሥልጣኑን መልሶ ሲይዝ ፈታቸው። ያሳሰሯቸውን ቃዲዎች ለመቅጣትም ፈትዋ ፈለገ። ሸይኹ ዑለማዎቹን አመስግነው፣ ስለ ራሳቸው ሁሉንም ይቅር እንዳሉ ነገሩት። ዋና ተቃዋሚያቸው የነበሩት የማሊኪ ቃዲ ኢብኑ መኽሉፍ ሳይቀሩ በዚህ ተደንቀዋል።

በ1326 ቀብርን ለመዘየር ጉዞ ስለማድረግ በሰጡት ፈትዋ በደማስቆ ምሽግ ለመጨረሻ ጊዜ ታሰሩ። ተማሪያቸው ኢብኑል ቀዪምም ታሰረ። በሃይማኖታዊ በዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለትን በግልጽ የከለከለው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ለሠርግ፣ ለልጅ መወለድ፣ ከሕመም ለመዳን ደስታን መግለጽ ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ መሆኑን ጽፏል። በእኛ ዘመን ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ከሙስሊሞች ጋር በሰላም ለሚኖሩ ሰዎች መልካም ምኞት መግለጽን ፈቅደዋል፤ በዓሉን አብሮ ማክበርን ግን እርሳቸውም አልፈቀዱም።

በእስር ቤት ኢብኑ ተይሚያ መጻፋቸውን ስላላቆሙ ወረቀትና ቀለማቸው ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በከሰል ይጽፉ ነበር። ከወንድማቸው ጋር ቁርኣንን ሰማንያ ጊዜ ያህል አኽትመው እየቀጠሉ ሳሉ በ728 ዓ.ሂ. ዙልቀዕዳ 20፣ በ1328 መስከረም ወር አረፉ። የደማስቆ ሱቆች ተዘጉ። በቀብሩ ላይ የነበሩት ኢብኑ ከሢር የወንዶቹ ቁጥር ከ60,000 እስከ 100,000 እና ከዚያም በላይ፣ የሴቶቹ 15,000 እንደተገመተ መዝግበዋል፤ ይህም በየሰገነቱ ሆነው ያለቀሱትን ሳይጨምር ነው። በሱፊዎች መቃብር፣ በወንድማቸው ጎን ተቀበሩ።