ኤሌኖር ሩዝቬልትን የገደለው ቲቢ

የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫን ያልሰማ የለም። መግለጫውን ያረቀቀውን ኮሚሽን የመሩት ሴት በምን እንደሞቱ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። በቲቢ ነው፤ ያውም መድኃኒት በተላመደ ቲቢ።

ኤሌኖር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1884 ኒውዮርክ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። 10 ዓመት ሳይሞላቸው ግን እናትም አባትም አጡ። በ1905 የሩቅ ዘመዳቸውን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገቡ፤ ባላቸው ፕሬዝዳንት ሲሆኑም ከ1933 እስከ 1945 ቀዳማዊት እመቤት ነበሩ። ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ስለነበሩ በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል የጋዜጣ ዓምድ ይጽፉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ገቡ፤ መግለጫውም ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ ጸደቀ።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። በ1919 ፓሪስ ሳሉ የሳንባቸው ሽፋን ተቆጥቶ ታመው ነበር። ቲቢ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አለፈ፣ ተረሳ። በ1960 መቅኔያቸው ደም በደንብ ማምረት እንዳቃተው ታወቀ። በ1962 ለዚሁ ችግር ፕሬድኒሶን ታዘዘላቸው። ይሄ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ካለ ደግሞ በሩን ይከፍትለታል።

ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ሐኪሞቹ ቲቢን ጠርጥረው በጊዜው የነበሩትን ዋና መድኃኒቶች አይሶኒያዚድንና ስትሬፕቶማይሲንን ሰጧቸው። ከመቅኔያቸው የተወሰደው ናሙና ላይ የቲቢ ባክቴሪያ የበቀለው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን፣ በ78 ዓመታቸው አረፉ። ባክቴሪያው ሲፈተሽ ሁለቱም መድኃኒቶች የማይበግሩት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው። ባክቴሪያው ከ1919 ጀምሮ ተኝቶ የቆየ ከሆነ፣ ያኔ ያልተፈጠሩ መድኃኒቶችን እንዴት ተላመደ?

መድኃኒት እኮ ለውጡን አይፈጥርም፤ ይመርጣል እንጂ። ባክቴሪያው ሲባዛ ጂኑን በስህተት ይገለብጣል። አይሶኒያዚድ ሲዋጥ ገና ገዳይ አይደለም፤ ገዳይ የሚያደርገው ካትጂ የተባለው የባክቴሪያው የራሱ ጂን የሚያሠራው ኢንዛይም ነው። በዚያ ጂን ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ከተቀየረች መድኃኒቱ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስትሬፕቶማይሲንን የሚያከሽፈው ለውጥ ደግሞ ሌላ ጂን ላይ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በግምት ከሚሊዮን ባክቴሪያ በአንዱ ላይ ያጋጥማል። ሁለቱ ባንድ ላይ በአጋጣሚ መገኘታቸው ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ እኛን የሚያሳምነን፣ ባክቴሪያው ሕክምና ጀምሮ ካልዳነ ሌላ ሰው ዘግይቶ የተጋባባቸው መሆኑ ነው።

ሐኪሞቻቸው ዘግይተዋል የሚለው ክርክር እስከዛሬ አለ። ቀድመው ቢደርሱስ በምን ሊያክሟቸው ነበር? ሪፋምፒሲን ያኔ ገና ገበያ ላይ አልነበረም።

ዛሬ እኛም አገር ጤና ተቋማት ውስጥ ያለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ግን የተለመደው ምርመራው የሚያየው የሪፋምፒሲንን ለውጥ ብቻ ነው። የኤሌኖር ባክቴሪያ ሪፋምፒሲንን አግኝቶት ስለማያውቅ በዚያ ምርመራ መድኃኒት ያልተላመደ ተብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። አይሶኒያዚድን የሚያየው ምርመራ ለብቻው ነው የሚሠራው።