ኬቮርክ ናልባንዲያን፦ የአርባዎቹ ልጆች መምህር

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሉማሜ እስከ ሞያሌ በየትምህርት ቤቱ ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዛሬም በቃላቸው የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በየአጥቢያችን አሉ። ግጥሙን የጻፉት ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከሉማሜ አልፎ፣ ከደብረ ማርቆስም ወዲያ የምትገኘው የደብረ ኤልያስ ልጅ ስለ ሆኑ ጎጃም ይኮራባቸዋል። ዜማውን የደረሱት ሰው ከየትና ለምን እንደ መጡ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በኦቶማን ግዛት፣ ዛሬ ጋዚአንቴፕ በምትባለው በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። አይንታብ ለእኛ ለወንጌላውያን እንግዳ ስም ልትሆን አይገባም ነበር፤ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ኮሌጅና ሆስፒታል የከፈቱባት፣ ብዙ ወንጌላውያን አርመኖችም የነበሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1915 መንግሥት በቁስጥንጥንያ የአርመን ምሁራንንና መሪዎችን ማሰር ጀመረ። ከዚያ ወንዶች በየስፍራው ተገደሉ፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ ሶርያ በረሃ በእግር ተነዱ። የአይንታብ ወንጌላውያንም አልቀረላቸውም። ያለቁት አርመኖች ቁጥር ብዙ ጊዜ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል።

ከተረፉት የሙት ልጆች ከፊሎቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠለሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የልጆቹን የሙዚቃ ባንድ ሰሙ። ልባቸው ተነካ። ፓትርያርኩን አስፈቅደው አርባውን ወደ አገራቸው አስመጡ። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ገቡ፤ አርባ ልጆች የሚለው ስማቸውም በዚያው ቀረ። መሪና መምህራቸው ናልባንዲያን ነበሩ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ይፋዊ ኦርኬስትራ ይኸው ነው።

ናልባንዲያንና ዮፍታሔ የሠሩት መዝሙር የራስ ተፈሪ ማርሽ ሆኖ ጀምሮ ከ1923 ዓ.ም. ዘውድ በዓል ወዲህ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። ደስታን የሚያውጅ ዜማ አገሩን ካጣ ሰው መውጣቱ ሳስበው ይደንቀኛል። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወርረን ባለ ግጥሙ ዮፍታሔ በተራቸው ስደተኛ ሆነው ወደ ሱዳን ወጡ። ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1963 አረፉ። ሙያውን የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ተረክበው ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ልጆቹን የተቀበለች አገር ልጆቹ ለምን ወላጅ እንዳጡ በይፋ ተናግራ አታውቅም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ2021 ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብለው ሲጠሩ፣ ከሠላሳ በላይ አገሮችም እንዲሁ ሲያደርጉ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችም። ቱርክ ብዙ አርመኖች መሞታቸውን ሳትክድ ቃሉን ግን አትቀበልም፤ ከቱርክ ጋር ያለን ንግድና ወዳጅነትም ቀላል አይደለም። ታሪክን ለታሪክ ምሁራን እንተው፣ የራሳችን ቁስል መች ሻረና የሚሉም አሉ፤ ይህን የሚሉትን በቀላሉ አልነቅፍም። በእኛው አገር ይህ ከባድ ቃል በየቀኑ ሲወረወር ስለምንሰማ ጥንቃቄው ይገባኛል።

ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ስምምነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1949 ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ምክንያት ነበራት። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተጀመረው ጭፍጨፋ ግራዚያኒ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት አልቆመም፤ ኢጣሊያ በ1950 የፈረደችበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ያን ጊዜ በሮምም በአዲስ አበባም ጮኸናል። ሮም ስለ እኛ ሙታን እውነቱን እንድትናገር ስንጠይቅ፣ የሌላውን ሙታን በስማቸው ለመጥራት የራሳችን ምክር ቤት ዝም ማለቱ አያምርብንም። አዋጅ አያሻውም፣ ካሳም አይጠየቅበት። አርባዎቹ ልጆች ከምን አምልጠው እንደ መጡ የሚናገር አንድ ገጽ የውሳኔ ሐሳብ ይበቃል።