ከቤተ መንግሥት እስከ ቁስለኞች አልጋ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የጦር ኃይሎችን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የታወቀ ነው። የታክሲ ረዳቱ እየደጋገመ ይጠራዋል፤ የከተማው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያም ይህንኑ ስም ይዟል። ለኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ጦር ኃይሎች ሠፈሩ ነው፤ መሳፈሪያውና መገበያያው ነው። ስሙ የመጣው ግን በአካባቢው ካለው ሆስፒታል ነው። የቆሰለ ወታደር ሲታከምበት የኖረው ይህ ሆስፒታል ሲመሠረት የተሰጠው ስም ሌላ ነበር፤ የአንዲት ነርስ ስም። ዛሬ የዚህችን ነርስ ሕይወት ለማውሳት የተነሣነው፣ በሥራ የሚገለጽ ጀግንነት ምን ማለት እንደሆነ ከታሪኳ በግልጽ ስለምንማር ነው።

ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. ተወለደች። አባቷ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢያችን ቅር ሊለው ይችላል፤ በቤተ መንግሥት ላደገች ልዕልት ሠርቶ አደሩ ስለ ምን ጊዜውን ይሠዋል የሚል ጥያቄ ቢያነሣም አይፈረድበትም። መልሳችን አጭር ነው። መወለድ የማንም ሥራ አይደለምና አያስመሰግንም፤ አያስወቅስምም። ሰው የሚመዘነው ራሱ በመረጠው ሥራ ነው። እኛም ፀሐይን የምንመዝናት በዚሁ ሚዛን ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ፀሐይ ገና የ16 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። በዚያው ሰሞን በተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ገብታ፣ ለዘማቹ ፋሻና አልባሳት በማዘጋጀቱ ሥራ ተሳተፈች። የጠላት አውሮፕላኖች በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ማዝነብ በጀመሩ ጊዜ ደግሞ፣ ሠራዊቱ ብቻ ሳይሆን ሴቱና ሕፃኑ ጭምር በጋዝ እየተቃጠለ መሆኑን ለውጭ አገር ሴቶች ባስተላለፈችው መልእክት አሳወቀች። ዓለም ሰማ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ፋሻ የሚያዘጋጅ እጅ እንዳለ፣ ቁስሉን አጥቦ በሙያ የሚያክም ኢትዮጵያዊ እጅ ግን እጅግ ጥቂት እንደሆነ ያ ጦርነት በመራራ መንገድ አስተማረ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተሰደደ። ብዙ ስደተኛ መኳንንት በሐዘንና በትዝታ ሲቆዝም፣ ፀሐይ ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ሆና ገባች። የተማሪ ነርስ ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አልጋ ማንጠፍ፣ የታማሚን ገላ ማጠብ፣ የሽንት ዕቃ መድፋት፣ ሌሊቱን በእግር ቆሞ ማንጋት ነው። ሎሌና ገረድ በሞላበት ቤት ያደገች ልጅ ይህን ሥራ ለሦስት ዓመት ሠርታ በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቀች። በሙያው በወጉ ሠልጥነው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያት የመጀመሪያዋ ተብላ የምትታወቀው በዚህ ነው። በአገራችን ነርስን ሲስተር እያልን በአክብሮት እንጠራለን። ልዕልትነትን የወረሰችው ነበር፤ ሲስተርነትን ግን በላቧ አገኘችው።

ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛወረች። ከጳጉሜን 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ጀምሮ የሂትለር አውሮፕላኖች ለንደንን ለ57 ተከታታይ ሌሊቶች ደበደቡ። ከሁሉ አስቀድሞ የተመታው ወደቡና በወደቡ ዙሪያ ተጨናንቆ የሚኖረው የሠራተኛው ሠፈር ነው። ጋይስ የሚገኘው ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ከዚሁ ወደብ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ሆስፒታሉ ራሱም ከቦምብ አላመለጠም።

በከተማ ላይ የሚወርድ ጦርነት ግንባርና ደጀን የለውም። ቁስለኛው ወታደር ብቻ አይደለም፤ ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት፣ በእንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን ናቸው። በዚያ ወቅት የለንደን ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። በፍርስራሽ ሥር ለሰዓታት ተጭኖ የቆየ ሰው በሕይወት ከወጣ በኋላ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ከተጨፈለቀው ሥጋ የሚወጣው መርዝ ኩላሊቱን ይዘጋውና ከቀናት በኋላ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ታማሚ አደጋ ላይ መሆኑን ቀድሞ ለማወቅ የሽንቱን መጠንና መልክ በየሰዓቱ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ነርስ ነው። የተናቀው የሽንት ዕቃ የሞትና የሕይወት መለኪያ የሚሆንበት ሰዓት አለ ማለት ነው።

ፀሐይ በዚያ የእሳት ወራት ከሥራ ጓደኞቿ ጋር በሥራዋ ላይ ነበረች። ልናጤነው የሚገባው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ጥቃትን በጥቃት ይመልሳል፤ የመጠለያ ደወል ሲደወል የጤናው ሰው ይሮጣል። ቁስለኛ የያዘች ነርስ ግን አትተኩስም፣ አትሮጥም። ጀግንነቷ ከአልጋው አጠገብ አለመነቃነቋ ነው። የኢጣሊያ ቦምብ ከአገሯ ያሳደዳት ልጅ በሰው አገር የቦምብ ቁስለኛ ስታስታምም፣ የሰው ልጅ ሥቃይ ድንበር እንደሌለው በሥራዋ አሳየች።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ስትወጣ ተመልሳ በደሴ ሆስፒታል ማገልገል ጀመረች። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከዐቢይ አበበ ጋር ተጋባች፤ ባሏ ወለጋን እንዲያስተዳድር በመሾሙም ወደ ነቀምቴ ሄደች። በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን በወሊድ ምክንያት ሞተች። ልጇም አልተረፈም። ዕድሜዋ 22 ዓመት ነበር።

በለንደን ቦምብ ያልሞተችው ነርስ በገዛ አገሯ በወሊድ ሞተች። ስንት ስማቸው ያልተጻፈ የገበሬ ሚስቶች በዚያው ክረምት በዚያው ሞት እንደሄዱ መገመት አያዳግትም። ሐኪምና አዋላጅ በጠፋበት አገር የንጉሥ ልጅነት ከሞት አያስጥልም። ይህ ሐቅ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ የሚናገር ነው።

የፀረ ፋሽስት ታጋይዋና የኢትዮጵያ ወዳጇ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር መዋጮ አሰባስባ የፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ደከመች፤ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ ነርሶችን ያሠለጥን ጀመር። በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም እዚያው መጡ። በወሊድ ሰበብ በፌስቱላ የሚሠቃዩ እናቶችን ያዩትና ማከም የጀመሩት በዚህ ሆስፒታል ነው፤ ኋላ የታወቀው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል መነሻው ይህ ነበር። በወሊድ በሞተች ነርስ ስም የተሠራ ቤት የወላዶች መዳኛ ሆነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ ስሙ ተለውጦ የሠራዊቱ ሆስፒታል ሆነ።

የበር ላይ ጽሑፍ ከዘመን ጋር ሊለወጥ ይችላል፤ በውስጡ የሚሠራው ሥራ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በዚያ ግቢ ማንነታቸው የማይታወቅ ነርሶችና ሐኪሞች የቁስለኛ ፋሻ ይፈታሉ፣ ሌሊት ያነጋሉ። የምናሳስበው ይህንኑ ነው። የሠፈሩ ነዋሪ በሆስፒታሉ በር ሲያልፍ፣ ሠራተኛውም ታማሚውን ይዞ ተራ ሲጠብቅ፣ ነጭ ልብስ ለብሳ በፊቱ የምታልፈውን ነርስ በሚገባት ክብር ይመልከታት። ነርስ ለመሆን የምትመኝ ልጅ ያለችው ወላጅም ሥራው ዝቅ ያለ ነው ብሎ አይከልክላት። ከቤተ መንግሥት ወጥታ ይህን ሥራ የመረጠች ነበረችና።