ኦርድ ዊንጌትና የጎጃም መሬት

አንድ ተሽከርካሪ ለአንድ አገር ይስማማል ወይም አይስማማም ተብሎ የሚፈረደው በፋብሪካው ስም ወይም በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ፈራጅ መሬቱ ነው። የጎጃም መሬት ደግሞ በዚህ ረገድ ከባድ ዳኛ ነው። ከሱዳን ድንበር ቆላ ተነሥቶ፣ በበላያ ተራራ አልፎ፣ የእንጅባራን ዳገት ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ደጋ የሚዘልቅ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሐሩርንና ውርጭን፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካን፣ ድንጋያማ ሸለቆንና ቀጥ ያለ አቀበትን በየተራ ያገኛል። ለአንዱ የተመረጠ ማጓጓዣ ለሌላው ሸክም ይሆናል።

በ1933 ዓ.ም. በዚህ ዳኛ ፊት ከቀረቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ነበር። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተሰየመለት ይህ ሰው በኢትዮጵያ የሚታወሰው በነፃነት ጦርነቱ ባደረገው ተሳትፎ ነው። በምህንድስና ዓይን ሲታይ ግን የሕይወቱ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ማጓጓዣን ከመሬት ጋር ማስማማት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ስሕተቱም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ነው።

ዊንጌት በየካቲት ወር 1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር በናይኒ ታል ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን፣ ቤተሰቡም በሃይማኖቱ እጅግ የጠበቀ ነበር። ልጁ መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ እየያዘ አደገ፤ የኋላ ኋላም ለጦሩ ስም ያወጣለት ከዚያው መጽሐፍ ነው። በዉልዊች የጦር አካዳሚ ተምሮ በ1915 ዓ.ም. የመድፈኛ መኮንን ሆነ። በፈረስ ግልቢያ የተመሰገነ ነበር፤ ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገሩት የመለየት ችሎታም እንደነበረው ይነገርለታል። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሱዳን ለመሄድ ሲነሣ፣ የአውሮጳን የብስ ያቋረጠው በብስክሌት ነበር።

በሱዳን የመከላከያ ጦር ውስጥ ባገለገለባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለውን ቆላ በእግርና በግመል እየተዘዋወረ ጠበቀ። የዝሆን አዳኞችንና የባሪያ ነጋዴዎችን ማሳደድ የዕለት ሥራው ነበር። ቆላውን የተማረው በዚህ ጊዜ ነው። ሽቅብ የሚያየውን ደጋ ግን ገና አልረገጠውም ነበር።

በ1925 ዓ.ም. ዊንጌት በሊቢያ በረሃ ውስጥ አለች የምትባለውን ዘርዙራ የተባለች የጠፋች ምንጭ ለመፈለግ ተነሣ። በዚያን ጊዜ ራልፍ ባግኖልድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መኮንን በዚያው በረሃ በመኪና ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መጓዝ ጀምሮ ነበር። ዊንጌት ግን መኪናን ንቆ በግመልና በእግር ሄደ። ምንጯን አላገኛትም፤ ትዕግሥቱንና የሰውነቱን ጥንካሬ ግን ፈተነ።

በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ለባለሙያ አስተማሪ ነው። ባግኖልድ አሸዋን እንደ ሳይንቲስት ያጠና ሰው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ስለ አሸዋ እንቅስቃሴ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የሙያው መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል። መኪናዎቹን ከበረሃው ጋር ያስማማቸው ይበልጥ ኃይለኛ በማድረግ አልነበረም። አላስፈላጊ ክብደትን ቀነሰ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ አሸዋው ላይ እንዲያርፍ ነፋሱን አጎደለ፤ ለተቀረቀረ መንኮራኩር መውጫ የሚሆኑ የብረት ሰሌዳዎችን ያዘ፤ ከራዲያተሩ የሚወጣው እንፋሎት እንዳይባክን ተመልሶ ውኃ የሚሆንበትን ዘዴ አበጀ። መጀመሪያ መሬቱን አጠና፤ ከዚያ መኪናውን አስተካከለ። ዊንጌት በዚያን ጊዜ የመረጠው ከመኪናው መራቅን ነው። ከ8 ዓመት በኋላ ግን በጎጃም ቆላ መኪና ይዞ መግባት ግድ ሆነበት።

ከፍልስጥኤም አገልግሎቱ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል የኢትዮጵያን ጉዳይ እንዲይዝ ወደ ካርቱም ላከው። በጎጃም አርበኞች ከጠላት ጋር ሲተናነቁ 5 ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ኮሎኔል ሳንፎርድም በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግሮ ከነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከነነጋሽ በዛብህ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ዊንጌት በኅዳር ወር 1933 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደ ሰከላ አካባቢ በርሮ፣ ለማረፊያ ተብሎ በተጠረገ ሸካራ ሜዳ ላይ ወርዶ ከሳንፎርድ ጋር ተመካከረ። ደጋውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ከሰማይ ነው ማለት ይቻላል። ከሰማይ የሚታይ መሬት ደግሞ ድንጋዩንና ስንጥቁን ይደብቃል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ወደ በላያ ለመድረስ መንገድ አልነበረም። ዊንጌት በኮምፓስ አቅጣጫ ለይቶ፣ የጭነት መኪናዎቹን በቀጥታ ወደ ተራራው መራቸው። አቅጣጫው ትክክል ነበር። በአቅጣጫው ላይ ያለው መሬት ግን ሌላ ነበር። ረጅም ሣር ድንጋዩን ሸፍኖታል፤ በበጋ የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ጎማ ይይዛል፤ በየጥቂቱ ርቀት ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የቆመ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ይገጥማል። ሰዎች ዛፍ እየቆረጡ፣ ድንጋይ እያነሡ፣ ዳርቻውን በአካፋ እየናዱ መኪናዎቹን አሻገሩ። ቢሆንም መኪናዎቹ አንድ በአንድ እየተሰበሩና እየተቀረቀሩ በየመንገዱ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በላያ የደረሱት ከ17 ቀን በኋላ፣ ጥር 29 ቀን ነበር።

የነገሩን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ዘመን የጭነት መኪና አሠራር ማስታወስ ይበቃል። አብዛኛው የጭነት መኪና ሻንሲው በባሌስትራ ላይ ያረፈ፣ ከፊትና ከኋላም ድፍን አክስል ያለው ነበር። ከመሬት ቅርብ የሆነውና ድንጋይ ቀድሞ የሚመታው ክፍል የዲፈረንሻሉ ሆድ ነው። መኪናው ሸለቆ ውስጥ ሲወርድ አፍንጫው፣ ሲወጣ ጭራው፣ ጉብታ ሲያልፍ ደግሞ ወገቡ መሬት ይነካል። ባሌስትራው ለከባድ ጭነት ተብሎ ከደነደነ መንኮራኩሮቹ የመሬቱን ወጣ ገባ መከተል ያቅታቸዋል፤ አንዱ መንኮራኩር አየር ላይ ሲንጠለጠል ጉልበቱ ሁሉ በእርሱ በኩል ይባክናል።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው፣ ያኔም ሆነ ዛሬ፣ ቀድሞ የሚያስበው መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን ከፍታ ሁለት ዓይነት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባሌስትራውን ይበልጥ በማጉበጥ ወይም ተጨማሪ ንጣፍ በመደረብ ሻንሲው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቅም። እርሱን የሚያነሣው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ10 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው ግማሹን ነው። ሻንሲውን ማንሣት የሚጠቅመው ለአፍንጫው፣ ለወገቡና ለጭራው፣ እንዲሁም ለትልቁ ጎማ ቦታ ለመስጠት ነው።

ዋጋውም ወዲያው ይከፈላል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት 1.40 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉም ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና፣ በወረቀት ስሌት፣ በጎኑ ቆሞ የሚገለበጠው 41 ዲግሪ በሚያህል ተዳፋት ላይ ነው። ማዕከሉ 90 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይህ አኀዝ ወደ 38 ዲግሪ ይወርዳል። ጭነቱ ሲወዛወዝና ባሌስትራው ወደ አንድ ወገን ሲጫን ደግሞ በተግባር ከዚህ እጅግ ያንሳል። የጮቄን ተረተር በጎን ለሚያቋርጥ ሾፌር 3 ዲግሪ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ከዚህ የሚከተለው የመንኮራኩሮች አሰላለፍ ነው። የፊት መንኮራኩር የሚዞርበት ዘንግ ከላይ በኩል በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲጓዝ፣ የዞረ መሪም በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። ለርካሽ ከፍታ ተብሎ የባሌስትራው የአንድ ጫፍ ማንጠልጠያ በ5 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም፣ ባሌስትራው 1 ሜትር ያህል ከሆነ፣ አክስሉ ወደ 3 ዲግሪ ይዞራል። በአክስሉ ላይ የሚገኘው ከፍታ ግን 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማንጠልጠያው ባለበት ጫፍ መሠረት ያ 3 ዲግሪ ተገቢውን ማዘንበል ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ መሪው ይቅለሰለሳል፣ መኪናውም ይዋልላል። መድኃኒቱ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ልኩን የጠበቀ ሽብልቅ ማስገባት ነው። እንደዚሁም ከመሪው ሳጥን ወደ መንኮራኩሩ የሚወርደው ዘንግ ከተጋደመበት ሲያዘነብል፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሾፌሩ ሳያዝዘው ይታጠፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ ያረጀ ቦኮላና ቴስቲና ይለወጣል፤ ከዚያ ከፍታው ይወሰናል፤ ቀጥሎ የዘንጉ ማዘንበልና የመሪው ዘንግ ይታረማሉ፤ በመጨረሻም መኪናው የዘወትር ጭነቱን እንደ ያዘ የፊት ጎማዎቹ መቀራረብ በሚሊ ሜትር ይለካል። ከላይ የተነሣ ነገር ከታች ካልታረመ ስሕተቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ዊንጌት በላያ ሲደርስ እንዲህ ያለ እርማት የሚያደርግበት ጋራዥም ሆነ ጊዜ አልነበረውም። ከፊቱ የእንጅባራ ዳገት ቆሟል። ከደጋው የተጠበቁት በቅሎዎች በሚበቃ ቁጥር ስላልመጡ የቆላ ግመሎችን ወደ ደጋ ማውጣት ግድ ሆነ። ግመል የሜዳና የአሸዋ እንስሳ ነው፤ ለስላሳ ሰኮናው ለሾለ ድንጋይ፣ ሰውነቱም ለጎጃም ውርጭ አልተፈጠረም። በዘመቻው ከ15,000 የማያንሱ ግመሎች እንደ ተሰማሩ፣ አዲስ አበባ የደረሱት ግን መቶ እንኳ እንዳልሞሉ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይመሰክራሉ። የመንገዱ ጠቋሚ የግመል ሬሳ ሆነ። በሜካኒካል ማጓጓዣ የተጀመረው ስሕተት በሕያው ማጓጓዣ ተደገመ።

የጌዴዎን ጦር ተብሎ የተሰየመው ይህ ኃይል ደጋው ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጣሊያኖች የሠሩት መንገድ ተገኘ፤ የአርበኛውም ሕዝብ ወንዙንና ጋራውን ያውቃል። ከ2,000 የማይበልጠው የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ከአርበኞች ጋር ሆኖ፣ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላት በሌሊት ጥቃትና በማታለል እያስጨነቀ ከቡሬ አስለቀቀው። በደምበጫም ከባድ ውጊያ ተደረገ። የጠላት ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ከወጣ በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዪቱ ገቡ። በቆላው የተቀበሩት መኪናዎች ያልሠሩትን፣ በተሠራ መንገድ ላይ የሚሄዱ መኪናዎች በቀላሉ ሠሩት። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከሰልፉ ፊት ይታይ ነበር።

ከድሉ በኋላ ዊንጌት የጠበቀውን ምስጋና አላገኘም። በወባ ታሞና ተስፋ ቆርጦ በካይሮ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ፤ ቢሆንም ተረፈ። ዌቭል እንደ ገና ወደ ሕንድ ጠራው። በ1935 ዓ.ም. 3,000 ያህል ሰዎች ይዞ ከጃፓን ጦር ጀርባ ወደ በርማ ጫካ ሲገባ መኪና አልያዘም፤ ጭነቱ በበቅሎ፣ ስንቁም ከአውሮፕላን በጃንጥላ ነበር። ከ800 በላይ ሰዎቹ አልተመለሱም። በ1936 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘምት ግን ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች ከወታደሮቹና ከበቅሎዎቹ ጋር መሐንዲሶችና ትናንሽ ቡልዶዘሮች ጫካው ውስጥ ወረዱ፤ በአንድ ቀን ያህልም የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ጠረጉ። የጎጃም ቆላ ያስተማረው ትምህርት በዚህ ሥራ ውስጥ ይታያል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መሬቱን ለማያውቀው መኪና ከማስገደድ አስቀድሞ መሬቱን የሚያሰናዳ ሰው ተላከ።

ዊንጌት መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በተሳፈረበት አውሮፕላን መከስከስ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሞተ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር። አብረውት ከሞቱት አሜሪካውያን አስከሬኑን መለየት ስላልተቻለ፣ በኋላ በአሜሪካ በአርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት ተቀበሩ።

ጀግንነቱና ድክመቱ ብዙ አከራክሯል፤ ክርክሩም አላበቃም። ለመሐንዲስ የሚተርፈው ግን ግልጽ ነው። በኦሜድላና በበላያ መካከል የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ የኮምፓሱም አቅጣጫ አልተሳሳተም። የጎደለው መሬቱን አስቀድሞ ማጥናትና ማጓጓዣውን በዚያ ጥናት መምረጥ ነበር። ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ የሚላከውን መኪና ከፍ እንዲያደርግ የሚጠየቅ ባለሙያ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ብሎ ከመጠየቁ በፊት በየትኛው መንገድ፣ በምን ጭነት፣ በየትኛው ወር ብሎ ቢጠይቅ ለዚያ ጉዞ ከቀረቡት መኪናዎችና ከወደቁት እንስሳት ትምህርት ወስዷል ማለት ነው።