ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878 – 1911 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ፣ የምጣኔ ሀብት አሳቢና የመንግሥት ሹም ነበሩ። የሚታወቁት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባሉ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ነው። የመጀመሪያው አሥመራ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ኅትመት ላይ የወጣ ጽሑፍ ሲሆን ሁለተኛው ለኅትመት የበቃው ደራሲው ካረፉ በኋላ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ገብረ ሕይወት በአድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የአጤ ዮሐንስ 4ኛ አገልጋይ ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. ንጉሡ በወደቁበት የመተማ ጦርነት እርሳቸውም ሲሞቱ ገብረ ሕይወት ገና ሕፃን ነበሩ። በኋላ በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ከጓደኞቻቸው ጋር ምፅዋ ወደብ ላይ በቆመች መርከብ ተሳፍረው ከአገር ወጡ። የመርከቡ አዛዥ ኦስትሪያ ውስጥ ለሚኖር ሀብታም ቤተሰብ አደራ ሰጣቸውና በዚያው አደጉ። ጀርመንኛን አጥርተው ካወቁ በኋላ በርሊን ውስጥ ሕክምና ተማሩ።

በቤተ መንግሥትና በስደት

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የአጤ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1909 ንጉሠ ነገሥቱን ሊያክም ለመጣ ጀርመናዊ ሐኪም በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ሐኪሙ ንጉሡ ተመርዘዋል የሚል ክስ በማንሳቱ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ጠብ ተነሣ። ገብረ ሕይወትም አገር ለቀው በሱዳን በስደት ቆዩ።

አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ

ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት በታተመው «ብርሃን ይሁን» ላይ ወጣ። አሥመራ በዚያን ጊዜ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች ኅትመቱ ከአዲስ አበባ ሹማምንት እጅ ውጭ ነበር። ጽሑፉ አጤ ምኒልክን ያመሰግናል፣ የመኳንንቱን አሠራር ደግሞ በግልጽ ይነቅፋል። ለልጅ ኢያሱም ምክር ያቀርባል። ከምክሮቹ መካከል የንጉሡና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ በመጽሐፍ እንዲዘጋጅ፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋና የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር የሚሉት ይገኛሉ።

ሹመትና ሁለተኛው መጽሐፍ

ገብረ ሕይወት ከስደት ከተመለሱ በኋላ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ተደርገው ተሾሙ። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ ለንግድና ለቀረጥ አለቃ የሚሰጥ ነበር። ድሬዳዋ የባቡሩ መተላለፊያ ስለነበረች ከአገር የሚወጣው ቡናና ቆዳ ከውጭ ከሚገባው የፋብሪካ ዕቃ ጋር የሚገናኘው በዚያ ነበር።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚያነሣውም ይህንኑ ንግድ ነው። በመጽሐፉ እንደተብራራው የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ የደከመበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም የሠራውን ዕቃ ይቀበላል። ስለዚህ ንግዱ ቢሰፋም ትርፉ ለባዕድ ይሆናል፤ ባቡርም ብቻውን አገር አያበለጽግም። መጽሐፉ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥና የገንዘብ ዓይነት መብዛት ንግድን እንዴት እንደሚያውኩም ያስረዳል።

ሞትና ውርስ

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው አረፉ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጳውሎስ መናመኖ በ1916 ዓ.ም. አሳተሙት። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥትና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጡት በ1923 ዓ.ም.፣ ማለት እርሳቸው ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የገበሬው ግብር ጉዳይ ግን እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል።

የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ገብረ ሕይወትን ከዘመኑ የለውጥ ፋና ወጊ ምሁራን አንዱ አድርገው አጥንተዋቸዋል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎችም ጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች በንግድ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ቀድመው ከጻፉት ይቆጥሯቸዋል።