ላዛር ካርኖ፦ በአብዮት መካከል ያለፈ መሐንዲስ

ስለ ፈረንሣይ አብዮት የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የተናጋሪዎቹን ስም ያስቀድማሉ። ሆኖም አብዮቱን ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ድረስ ከውስጥ ሆነው ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ጠበቃም ጋዜጠኛም ሳይሆን የምሽግ መሐንዲስ ነበር።

ላዛር ካርኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር፥ ኖሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሕግ ባለሙያ አባት ተወለደ። በሜዚዬር የጦር ምህንድስና ትምህርት ቤት ተምሮ መኮንን ሆነ። በ1783 ስለ መኪናዎች ጠቅላላ ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስለ ታላቁ ምሽግ ሠሪ ስለ ቮባን ያቀረበው ድርሰት በዲዦን አካዳሚ ተሸለመ። ይሁን እንጂ አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ሻምበል ነበር፤ ከፍተኛው ማዕረግ በተግባር ለመኳንንት ልጆች የተጠበቀ ነበርና። በ1788 አዝመራው ተበላሽቶ የዳቦ ዋጋ መናሩ፥ የመንግሥቱም ግምጃ ቤት በዕዳ መራቆቱ የአብዮቱ ምክንያት መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን የተራበው ብቻውን አብዮት አያካሂድም፤ ችሎታው እየታወቀ በር የተዘጋበት የተማረ ሰው ሲበዛም ነው አሮጌው ሥርዓት ጠባቂ የሚያጣው።

በ1791 ካርኖ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፤ በጥር 1793 ንጉሡ እንዲሞት ድምፅ ሰጠ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አሥራ ሁለት አባላት ወዳሉት ወደ ሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ሲገባ አገሪቱ ከኦስትሪያ፥ ከፕሩስያ፥ ከእንግሊዝና ከስፔይን ጋር ትዋጋ ነበር፤ ቫንዴና ሊዮንም ሸፍተው ነበር። ያላገቡ ወጣቶች በሙሉ ለዘመቻ ተጠሩ። ይህን ሁሉ ሰው ማብላት፥ ማልበስና ማስታጠቅ በካርኖና በጥቂት ባልደረቦቹ ላይ ወደቀ። አሮጌው ወታደርና አዲሱ ፈቃደኛ በአንድ ክፍል ተቀላቀሉ፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለባሩድ የሚሆነውን ጨው ከየቤቱ ምድር ቤት ማስቧጠጥ ያዙ። በጥቅምት 1793 በቫቲኚ ጦርነት ካርኖ ራሱ ከጦሩ ጋር ወጣ። ድሉ በተገኘበት ዕለት በፓሪስ ንግሥቲቱ በጊዮቲን ተገደለች።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው ትእዛዞቹን የሚያወጣው በጋራ ፊርማ ነበር። በመጋቢት 1794 ዳንቶን እንዲታሰር የወጣው ትእዛዝ የካርኖ ፊርማ አለበት። እርሱም በኋላ ከሥራው ብዛት የተነሣ የሌሎችን ወረቀት ሳያነብ ይፈርም እንደ ነበር ተከራክሯል። ክርክሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የሥራ ክምር ያየ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ነገር ግን የምግብ አቅርቦቱን የሚመራው ሮቤር ሊንዴ፥ ሥራው ከካርኖ ሥራ የማያንስ ሆኖ ሳለ፥ በዚያው ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ፤ ስለዚህም አልተገደለም፥ ከኮሚቴውም አልተባረረም።

በሐምሌ 1794 ሮቤስፒየር ሲወድቅ ካርኖ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበር። በሚከተለው ዓመት የኮሚቴው ሰዎች ሲከሰሱ ድሉን ያደራጀ እርሱ ነው ተብሎ ታለፈ። ከአምስቱ የዲሬክቷር አባላት አንዱ ሆነ፤ በመስከረም 1797 ግን ባልደረቦቹ በጦር ኃይል መፈንቅል ሲያደርጉ ሸሽቶ ከአገር ወጣ።

ቦናፓርት በ1799 ሥልጣን ሲይዝ ተመልሶ ለጥቂት ወራት የጦር ሚኒስትር ሆነ። ሕዝቡ በጦርነትና በሥርዓት መለዋወጥ ደክሞት ስለ ነበር፥ የቀድሞዎቹ አብዮተኞች አብዛኞቹ ማዕረግና ርስት እየተቀበሉ ዝም አሉ። ካርኖ ግን በ1802 የዕድሜ ልክ ቆንስልነቱን፥ በ1804 ደግሞ ንጉሠ ነገሥትነቱን ተቃወመ፤ ከዚያም ወደ ጂኦሜትሪው ተመለሰ። በ1814 አገሪቱ ስትወረር አገልግሎቱን አቅርቦ የአንትወርፕን ምሽግ ጠበቀ።

ቡርቦኖች ዳግመኛ ሲመለሱ በንጉሡ ሞት የተስማማ ተብሎ ተሰደደ፤ በ1823 በፕሩስያ፥ በማግዴቡርግ ከተማ ሞተ። ልጁ ሳዲ በዓመቱ በእሳት ስለሚንቀሳቀስ መኪና ኃይል የጻፈውን፥ ዛሬም መሐንዲሶች ሁሉ የሚማሩበትን ሐሳብ አሳተመ። የአባቱ አፅም አብዮቱ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1889 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በፓንቴዮን ዐረፈ፤ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚደንት የልጅ ልጁ ነበር።